ብሬድክረምባችሁ ለሚሰማም ሰው ይሁን፦ ድረ-ገጽ ለምትሠሩና ለምታሠሩ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ድረ-ገጽ ለምትነድፉ፣ ኮድ ለምትጽፉ፣ ቴምፕሌት ለምትሸጡ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ ለምታሠሩና «ተጠናቋል» ብላችሁ ለምትፈርሙ ሁሉ፤

ሰላም ብያለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከገጹ አናት፣ ከሜኑው ዝቅ ከዋናው ርዕስ ከፍ ብሎ፣ በትንሽ ፊደል የምታስቀምጡት አንድ መስመር አለ። «መነሻ፣ አገልግሎቶች፣ ፈቃድ፣ ፈቃድ ማደስ» እያለ ገጹ በየትኛው ክፍል ሥር እንዳለ የሚያሳየው። ብሬድክረምቡን ማለቴ ነው። ብዙዎቻችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ለዓይን ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ዲዛይኑ ላይ አምሮበት ይታያል፣ ኮዱ ውስጥ ሲገባ ግን እንደነገሩ የተጣለ ነገር ነው። የምለምናችሁም ይህንኑ መስመር ለሚያየውም፣ በጆሮው ለሚሰማውም፣ ማውስ ለማይነካውም ሰው እኩል እንዲሠራ አድርጋችሁ እንድትጽፉት ነው። በቃ።

«ይቺ መስመር ያን ያህል ምን ትሠራለች?» የሚል አይጠፋም። ሰው ሁሉ በመነሻ ገጽ በኩል የሚገባ መስሏችሁ ከሆነ ግን አይደለም። ስንቱ ከጉግል ወይም ጓደኛው ከላከለት ሊንክ ተነስቶ መሀል ላይ ዱብ ይላል። ያኔ የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ነው ያለሁት?» ነው፤ ሁለተኛው «ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ብል ምን አለ?»። የሚያይ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ሜኑውን፣ ቀለሙን፣ የገጹን አቀማመጥ አይቶ ይገምታል። በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ሰው ይህ ዕድል የለውም። ገጹ የሚደርሰው በተራ ነው፣ አንዱ ነገር ከሌላው ቀጥሎ።

ማየት የተሳናቸው ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ስክሪኑን አጉልቶ የሚያነብ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያየው የገጹን ቁራጭ ነው። ወርዱ 1280 ፒክስል የሆነን መስኮት 400 ፐርሰንት ስታጎሉት የቀራችሁ ቦታ 320 ፒክስል ያህል ነው፤ የጎን ሜኑው ተጣጥፎ ይጠፋል፣ ባነሩ መስኮቱን ይሞላዋል፣ አካባቢውን የሚናገር ምንም ነገር አይቀርም። ትኩረቱ ቶሎ የሚበተን ወይም የማስታወስ ችግር ያለበት ሰውም አለ። ስልክ አንስቶ ሲመለስ ከየት ተነስቶ ወዴት እየሄደ እንደነበር ጠፍቶበታል። ለእነዚህ ሁሉ ያቺ ትንሽ መስመር ትልቅ ነገር ናት። ነገሩ ግን የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆኖ፣ ከማንም በላይ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው የማትደርሰው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንስማው። ሥራዬ ድረ-ገጽ መፈተሽ ስለሆነ እንዲህ ያለው በየጊዜው ይገጥመኛል። ስክሪን ላይ ሲታይ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ሥርዓት ያለው ጽሑፍ፣ ቀጫጭን ቀስቶች፣ ንጹሕ ነገር። ኮዱን ስከፍተው ግን አንድ ዲቭ ነው፣ ስለ ውስጡ ምንም የማይናገር ተራ ሳጥን። ውስጡ ሊንኮች ተደርድረዋል፣ በየመሀላቸው ደግሞ «ይበልጣል» የሚለው የሒሳብ ምልክት ቀስት እንዲመስል ተብሎ በጽሑፍ ገብቷል። ስክሪን ሪደሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሊንክ፣ መነሻ። ይበልጣል። ሊንክ፣ አገልግሎቶች። ይበልጣል። ሊንክ፣ ፈቃድ። ይበልጣል። ፈቃድ ማደስ።» እንግዲህ አገልግሎቶች ከፈቃድ የሚበልጡት በምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ምልክቱ መነበቡና አለመነበቡ እንደ ፕሮግራሙና እንደ ተጠቃሚው ማስተካከያ ይለያያል፣ እሱን አልክድም። ምልክቱ ባይነበብ እንኳ ትልቁ ችግር ባለበት ነው፤ እነዚህ ሊንኮች ምንድን ናቸው? ሜኑ? ማስታወቂያ? ስንት ናቸው? የመጨረሻዋ «ፈቃድ ማደስ»ስ አሁን ያለሁበት ገጽ ናት ወይስ እንዲሁ የተወረወረች ቃል? ለዚህ ሁሉ መልስ የለም።

በሥርዓት የተሠራው ደግሞ ወደዚህ ይጠጋል፦ «ያሉበት ቦታ፣ ናቪጌሽን። ዝርዝር፣ 4 ነገሮች ያሉት። ሊንክ፣ መነሻ። ሊንክ፣ አገልግሎቶች። ሊንክ፣ ፈቃድ። ሊንክ፣ የአሁኑ ገጽ፣ ፈቃድ ማደስ።» የቃላቱ ቅደም ተከተል ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ዋናው ነገር ሰውየው ምን ውስጥ እንደገባ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ የት ላይ እንደቆመ ሰምቷል። ካልፈለገውም ዘልሎት ይሄዳል።

እዚህ ለመድረስ የሚፈጀው ኮድ ያስቃል፣ ትንሽ ስለሆነ። ውጪውን «ናቭ» በሚባለው የኤችቲኤምኤል ኤለመንት አቅፉት። ናቭ ሲሆን ስክሪን ሪደሩ ገጹ ውስጥ ካሉት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ዲ የምትለዋን ቁልፍ እየተጫነ ከክፍል ክፍል ሲዘል ያገኘዋል፣ ጆውስ የሚጠቀመው ደግሞ በአር። አንድ ገጽ ላይ ናቭ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ሜኑ ናቭ ነው፣ የግርጌውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህኛውን በአሪያ-ሌብል ስም ስጡት፤ አሪያ ማለት ኤችቲኤምኤል ላይ የሚጨመር፣ ለስክሪን ሪደር መረጃ የሚሰጥ ኮድ ነው። ውስጡን በ«ኦኤል» አድርጉት፣ ቅደም ተከተል ያለው ዝርዝር ማለት ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ቦታ ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በ«ኤልአይ» ውስጥ ይግባ፣ በየኤልአዩ ውስጥ ተራ ሊንክ። የመጨረሻው ላይ «አሪያ-ከረንት» የሚባለውን አትሪቢዩት «ፔጅ» ከሚል ዋጋ ጋር ጨምሩ። ይኸው ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በአሪያ የአሠራር መመሪያው ላይ ለብሬድክረምብ ያስቀመጠው ንድፍ ነው። አሪያ-ከረንትም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከጸደቀው ከአሪያ 1.1 ጀምሮ አለ።

ጃቫስክሪፕት አያስፈልግም። ከኪቦርድ ጋር በተያያዘም መመሪያው ምንም የተለየ ነገር አይጠይቅም። ታብ ከሊንክ ወደ ሊንክ ያሻግራል፣ ኢንተር ይከፍታል፣ ይህን ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ በነጻ ይሰጣችኋል። ጎበዝ ነን ያሉ ግን የሜኑ ሮል ጨምረውበት፣ በቀስት ቁልፍ እንዲሄድ አድርገውት፣ ቀላሉን ነገር ሲያበላሹት አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት! ሜኑ ነው ብላችሁ ከነገራችሁት ሰውየው እንደ ሜኑ ሊጠቀምበት ይሞክራል፣ ሜኑ ስላልሆነ ደግሞ ግራ ይጋባል። ኤችቲኤምኤሉ ራሱ ሥራውን ከሠራ አሪያ አትደርቡበት። የአሪያ የመጀመሪያ ደንብ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

ናቭን በዲቭ ተክታችሁ «ልዩነቱ ምንድነው፣ ዞሮ ዞሮ ያው ነው የሚታየው» ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ፣ የዝርዝር ነጥቦችን ወይም ቁጥሮችን ስታጠፉ፣ በአፕል ብራውዘር በሳፋሪ ላይ የአፕሉ ስክሪን ሪደር ቮይስኦቨር ያ ነገር ዝርዝር መሆኑን መናገር ያቆማል። ብሬድክረምብ ላይ ቁጥሮቹን የማያጠፋ ደግሞ የለም። ናቭ ውስጥ ያለ ዝርዝር ግን ከዚህ ይተርፋል፣ ሳፋሪ እንደ ዝርዝር ያቆየዋል። በዲቭ ካቀፋችሁት ክፍሉንም ዝርዝሩንም አብራችሁ አጣችሁ ማለት ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ እንነጋገር፣ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት አያለሁና። ቡትስትራፕ የሚባለውን ዝግጁ የድረ-ገጽ ኮድ ስብስብ ውሰዱ። ሰነዱ ላይ ያለው የብሬድክረምብ ምሳሌ በመሠረቱ ጥሩ ነው፤ ናቭ አለው፣ ኦኤል አለው፣ አሪያ-ከረንት አለው። አሪያ-ሌብሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌው በእንግሊዝኛ ስለሆነ። እናንተ ገልብጣችሁ አማርኛ ገጽ ላይ ትለጥፉታላችሁ። የሚታየውን ሁሉ ትተረጉማላችሁ፣ ይቺ ግን ስለማትታይ ማንም አያስታውሳትም። ከዚያ ሰውየው አማርኛ ገጽ ሲያዳምጥ በመሀል ባዕድ ቃል በአማርኛ ድምፅ ተጨፍልቆ ይመጣበታል። ስለዚህ የማይታየውንም ጽሑፍ ተርጉሙ። የገጹ ቋንቋ ምን እንደሆነም ከኤችቲኤምኤሉ ጫፍ ላይ በትክክል ንገሩት፤ ስክሪን ሪደሩ ድምፁን የሚመርጠው እሱን አይቶ ነው። ስሙ ላይ ደግሞ «ናቪጌሽን» የሚል ቃል አትጨምሩ። ናቭ መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል፤ ከጨመራችሁ «የገጽ ናቪጌሽን ናቪጌሽን» እያለ ይደጋግመዋል። «ያሉበት ቦታ» የሚለው ለእኔ ጥሩ ነው። የተሻለ ካላችሁ የተሻለውን ተጠቀሙ፣ ጣጣ የለውም።

መለያ ምልክቶቹንስ ምን እናድርጋቸው? ቀስት፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ የፈለጋችሁትን ማድረግ ትችላላችሁ። ለዓይን ጠቃሚ ናቸው፣ ይኑሩ። ግን ጌጥ ናቸውና እንደ ጌጥ ይቀመጡ። ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ አታስገቧቸው፣ በሲኤስኤስ አምጧቸው። አዎ፣ «ኮንተንት» በሚባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ የገባ ፊደልም ቢሆን አንዳንድ ስክሪን ሪደር ያነበዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ፊደል ጭራሽ አለመጠቀም ነው። የደብሊውስሪሲ ምሳሌ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ የአንድ ባዶ ሳጥን ጠርዝ ላይ መስመር አስምሮ ዘንበል ያደርገዋል፣ የሚነበብ ነገር የለም። ሁለተኛው ኮንተንት ላይ ከምልክቱ ቀጥሎ እዝባር (/) እና ባዶ ጥቅስ ማስገባት ነው፤ ይህ ለብራውዘሩ «የዚህ ምልክት አማራጭ ጽሑፍ ባዶ ነው» ይለዋል። በኤስቪጂ የምትስሉት ከሆነም ስክሪን ሪደር እንዳያነበው «አሪያ-ሂድን» የሚባለውን አትሪቢዩት ጨምሩበት። በነገራችን ላይ ድረ-ገጻችሁ ዐረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ቅጂ ካለው ቀስቱን ማዞር እንዳትረሱ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ እየሄደ ቀስቱ በተቃራኒው ሲያመለክት ማየት ያሳዝናል።

የመጨረሻው ነገር፣ ማለትም አሁን ያለንበት ገጽ፣ ሊንክ ይሁን ወይስ ተራ ጽሑፍ? በዚህ ባለሙያዎች ሁሌ ይከራከራሉ። የደብሊውስሪሲ ምሳሌ ሊንክ ያደርገውና አሪያ-ከረንት ይጨምርበታል፤ ሊንክ ካልሆነ ደግሞ አሪያ-ከረንት ግዴታ አይደለም ይላል። የእኔ ምርጫ ተራ ጽሑፍ ነው። ተጭኜው እዚያው ገጽ ላይ ከሚመልሰኝ ሊንክ ምን አገኛለሁ? በታብ የሚሄድ ሰው ላይም አንድ ትርፍ ማቆሚያ መጨመር ነው። ግዴታ ባይሆንም አሪያ-ከረንቱን ከጽሑፉ ላይ አላነሳውም፤ ኤልአዩ ላይ መተው አይከብድም፣ በሲኤስኤስ ደመቅ ለማድረግም እሱኑ መያዣ ማድረግ ይቻላል። ሊንክ ይሁን የምትሉም ክፋት የለውም፣ ብቻ ምልክቱ አይጥፋ። የማልቀበለው ሦስተኛውን መንገድ ነው፦ ሊንክም ሆኖ፣ ምልክትም ሳይኖረው፣ «አሁን ያሉት እዚህ ነው» የሚለው ነገር በፊደሉ ውፍረት ወይም በቀለሙ ብቻ ሲነገር።

ስለ ቀለም ከተነሳ ስለዚያ ፈዛዛ ግራጫ ዝም ብዬ አላልፍም። ማን ፋሽን እንዳደረገው አላውቅም፣ ግን ብሬድክረምብ ሲባል በነጭ ላይ የደበዘዘ ግራጫ፣ ያውም በደቃቃ ፊደል። «ዋናውን ይዘት እንዳይሻማ ነው» ትላላችሁ። ይገባኛል፣ ግን አይነበብም። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው የፊደሉና የጀርባው ቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። በብራውዘራችሁ መሣሪያ በደቂቃ ትለኩታላችሁ። በታብ ሲደረስበት የሚወጣውን ክፈፍም አታጥፉ። «ያስቀይማል» ብሎ አውትላይኑን የሚያጠፋ ዲዛይነር፣ በኪቦርድ ለሚሠራ ሰው ማውሱን ቀስት አልባ እንዳደረገበት ይቁጠረው።

ወደ ስልክ እንምጣ። ስልክ ላይ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ብሬድክረምቡን ትደብቁታላችሁ። «ዲስፕሌይ ነን» በሚለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ስትደብቁት ከዓይን ብቻ ሳይሆን ከስክሪን ሪደርም ነው የምታጠፉት። ልብ በሉ፣ ቅድም ያልኳችሁ ስክሪኑን የሚያጎላ ሰውም በዴስክቶፕ ተቀምጦ የሚያየው ያንኑ የስልክ ቅጂ ነው። ስለዚህ በጠባብ ስክሪን ሁለት መስመር ሆኖ ቢጠቀለል ይሻላል። አስቀያሚ ነው? ትንሽ። ግን ሁሉም አለ። ወደ ጎን እየተጎተተ እንዲታይ ማድረግም ያታልላል፤ ተጨማሪ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ማንም አይጎትተውም። ደረጃዎቹ በጣም ከበዙና የግድ ማሳጠር ካለባችሁ፣ ከሁሉም በላይ ጠቃሚውን፣ ማለትም ከአሁኑ ገጽ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን፣ አትንኩ። መሀሉን አጥፋችሁ ሦስት ነጥብ ካደረጋችሁ ያ ሦስት ነጥብ እውነተኛ ቁልፍ ይሁን፣ ማለትም «በተን» የሚባለው ኤለመንት፤ «የተደበቁ ደረጃዎችን አሳይ» የሚል ስም ይኑረው፣ መከፈትና መዘጋቱንም በአሪያ-ኤክስፓንድድ ይናገር። ባዶ ሦስት ነጥብ ላይ ክሊክ ማስገባት አይበቃም፤ የሚሰማ ሰው «ነጥብ ነጥብ ነጥብ» ሲባል ምን ያድርግበት?

የጣትም ነገር አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንደ ጥርስ የተጣበቁ ሊንኮችን አንዱን ሊነካ ሲል ሌላውን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 የሚነኩ ነገሮች ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ስፋት እንዲኖራቸው ይጠይቃል፣ የሚፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። ከላይና ከታች ትንሽ ፓዲንግ፣ ማለትም ባዶ ቦታ፣ ጨምሩ፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደምናደድበት ልምጣ። ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ብሬድክረምብ እኮ ግዴታ አይደለም፣ ትሪፕል ኤ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ከደብሊውሲኤጂ ሦስት ደረጃዎች፣ ከነጠላ ኤ፣ ከደብል ኤና ከትሪፕል ኤ፣ ከፍተኛውን ማለታቸው ነው። ግማሽ እውነት ነው። ተጠቃሚው ድረ-ገጹ ውስጥ የት እንዳለ መረጃ ማግኘት አለበት የሚለው መስፈርት፣ 2.4.8፣ ደረጃው ትሪፕል ኤ ነው፤ ብዙ ሕግና ብዙ ውል ደግሞ የሚጠይቀው እስከ ደብል ኤ ነው። እሺ። ግን አንዴ ካስቀመጣችሁት ሌሎቹ መስፈርቶች ሁሉ ይመለከቱታል! በዓይን የሚታየው አደረጃጀት በኮድም ይገለጽ የሚለው ነጠላ ኤ ነው። የሊንኩ ዓላማ ከነአካባቢው ግልጽ ይሁን የሚለው ነጠላ ኤ ነው። የቀለም ንጽጽሩ ደብል ኤ ነው። ኪቦርዱ የት ላይ እንዳለ ይታይ የሚለውም ደብል ኤ ነው። ስለዚህ «ግዴታ አይደለም» የምትሏት መስመር በሥርዓት ካልተሠራች፣ ግዴታ በሆኑት መስፈርቶች ትወድቃላችሁ። ወይ አታስቀምጡ፣ ወይ ደህና አድርጋችሁ ሥሩት።

ሌላም ማመካኛ አለ። «ጉግል ላይ እንዲወጣልን ሠርተነዋል» ይሉኛል። ስኪማ ዶት ኦርግ ላይ ለብሬድክረምብ የተዘጋጀ የዳታ ዓይነት አለ፣ እውነት ነው፤ ብዙዎችም በጄሶን ጽፈው ገጹ ውስጥ ይቀብሩታል። ያ ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተር እንጂ ለሰው አይደለም። ስክሪን ሪደር አያነበውም። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የስልክ ፍለጋ ውጤቶቹ ላይ ብሬድክረምብ ማሳየት ትቷል። እንግዲህ ለማን እንደተለፋ አስቡት። ዳታውን አትጻፉ አላልኩም። ግን ለማሽን የሚነገረውን ተዋረድ ለሰውም ንገሩት።

የይዘቱን ነገርም አንድ ላይ እናንሳው። ብሬድክረምብ የድረ-ገጹን አደረጃጀት ነው የሚያሳየው፣ ሰውየው የሄደበትን ታሪክ አይደለም። ለታሪኩ የብራውዘሩ የመመለሻ ቁልፍ አለ። በፍለጋ የገባ ሰው «መነሻ፣ የፍለጋ ውጤት፣ ፈቃድ ማደስ» የሚል ቢያገኝ ስለ ቦታው ምንም አልተማረም። አንድ ገጽ በሁለት ክፍል ሥር የሚመደብ ከሆነ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ፤ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሲመጣ ሰው ሁለት የተለያዩ ገጾች ይመስሉታል። በመስመሩ ላይ ያለው ስም ገጹ ላይ ካለው ርዕስ ጋር ይገናኝ። ሊንኩ «ፈቃድ» ብሎ ከወሰደኝ ገጽ ላይ «የተሟላ የምዝገባ መፍትሔ» የሚል ርዕስ ካገኘሁ የተሳሳተ ቦታ የደረስኩ ይመስለኛል። ሁሉም ገጽ ላይ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ከዋናው ይዘት በፊት፤ አንዴ ላይ አንዴ ታች አታዟዙሩት። ድረ-ገጻችሁ ከአምስት የማይበልጡ፣ እርስ በርስ ተዋረድ የሌላቸው ገጾች ያሉት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። ቅጽ የሚሞላበት ሂደትም ብሬድክረምብ አይደለም፤ «ደረጃ 1፣ ደረጃ 2፣ ክፍያ» የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ላይ የአሪያ-ከረንት ዋጋ «ስቴፕ» ነው።

ፍተሻውን «ቱል አስኬደን መቶ ከመቶ አግኝተናል» ብላችሁ አትዝጉት። ላይትሃውስና አክስ ጠቃሚ ናቸው፣ እኔም ሁሌ እጠቀማቸዋለሁ። የቀለም ንጽጽርን ይይዛሉ፣ ስም የሌለውን ቁልፍ ይይዛሉ። አሪያ-ከረንቱ የተሳሳተ ገጽ ላይ መቀመጡን ግን አያውቁም፣ ደረጃዎቹ ትርጉም ይስጡ አይስጡም አያውቁም። ይህ የሰው ሥራ ነው። ማውሱን ገለል አድርጉና በታብ ብቻ ሂዱ። ከዚያ ስክሪን ሪደር ክፈቱ። ኤንቪዲኤ በነጻ ይወርዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ማክ ላይ ቮይስኦቨር አብሮ ይመጣል፤ ኮማንድ ይዛችሁ ኤፍ 5ን መጫን ነው። አይፎን ላይም አለ፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ አለ። መጀመሪያ ላይ ጫጫታው ያስደነግጣችኋል፣ ትለምዱታላችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በየቀኑ በዚያ የሚኖርን ሰው ከፍላችሁ ማስፈተሽ ነው። «ለበጎ ሥራ ነው» ብላችሁ በነጻ አታስለፉት።

ቴምፕሌት ለምትሸጡ አንድ ቃል። እናንተ ጋ አንድ ቦታ የተስተካከለ ነገር ከእናንተ በገዛ ሰው ሁሉ ድረ-ገጽ ላይ ተስተካከለ ማለት ነው። የተበላሸውም እንዲሁ ይባዛል። የገዛው ሰው ኮድ አያውቅም፣ ናቭና ዲቭን አይለይም፣ እናንተን አምኖ ነው የገዛው። ስለዚህ አሪያ-ሌብሉን ከማስተካከያ ገጹ ላይ መተርጎም እንዲችል አድርጉለት፤ ኮድ ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡበት።

ለምታሠሩ አለቆች ደግሞ፣ ውላችሁ ውስጥ «ዘመናዊና ለአጠቃቀም ምቹ» የሚለውን አጥፉና የሚለካ ነገር ጻፉ። ከፈለጋችሁ እንዲህ ብላችሁ ገልብጡት፦ «ብሬድክረምቡ በናቭ ውስጥ፣ ቅደም ተከተል ባለው ዝርዝር፣ በገጹ ቋንቋ ስም ተሰጥቶት ይሠራል። የአሁኑ ገጽ በአሪያ-ከረንት ይመላከታል። መለያ ምልክቶች በስክሪን ሪደር አይነበቡም። በ320 ፒክስል ወርድ ላይ ወደ ጎን ሳይጎተት ሙሉ በሙሉ ይገኛል። ይህ ሁሉ በኪቦርድ ብቻና ቢያንስ በሁለት ስክሪን ሪደሮች ተፈትሾ ይረጋገጣል።» ርክክብ ላይ ሠሪው አጠገባችሁ ተቀምጦ ስክሪን ሪደሩን ከፍቶ ያሰማችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን። ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው በዚህ አይከፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ-ገጽ ፈታሽ